ዊንተር ላይ ቆዳችሁ አመድ እየመሰለ ለተቸገራችሁ፣ ከሻወር እስከ ተረከዝ ደረጃ በደረጃ

መጀመሪያ በቃሉ እንግባባ። አገር ቤት ክረምት ማለት ዝናብ፣ ጭቃና ጃንጥላ ነው፣ በክረምት እንኳን ቆዳ ልብስም አይደርቅም። ቆዳችን የሚነጣው አዲስ አበባ እያለንም በበጋ ነበር፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ጠዋት ብርዱ ሲቆነጥጥ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ አናት ሲበሳ። እዚህ ኮሎራዶ ግን ብርዱም ድርቀቱም ሂተሩም አንድ ላይ ነው የሚመጣው። ስለዚ ከዚ በኋላ ዊንተር ስል ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለውን ማለቴ ነው፣ አገር ቤት ሆናችሁ የምታነቡ የጥቅምትና የህዳር ብርድ ብላችሁ ውሰዱት፣ አሠራሩ ብዙም አይለያይም።

እኔ ዴንቨር አካባቢ ማታ ማታ የምሠራ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ነኝ። አንድ ሽፍት ላይ እጄን ስንቴ እንደምታጠብ ቆጥሬ አላውቅም፣ ክፍል ስገባ ነው ስወጣ ነው። የመጣሁ ዓመት ጃንዋሪ ላይ የጣቶቼ አንጓ ተሰነጣጥቆ ደም እያወጣ ጓንቱ ላይ ይለጠፍብኝ ነበር፣ ቅልጥሜ ደግሞ የአሳ ቅርፊት መስሎ ሱሪ ሳወልቅ ዱቄት ይረግፋል። የማደርገው ምን ነበር፣ ሎሽን መግዛት። ቫኒላ የሚሸተውን፣ ኮኮናት የሚሸተውን፣ ማስታወቂያው ያማረውን... አልጋዬ አጠገብ ሰባት ብልቃጥ ተደርድሮ ቆዳዬ ግን ያው አመድ። አንድ ቀን አብራኝ የምትሠራ ሐበሻ ነርስ እጄን አይታ "ቆይ መቼ ነው የምትቀቢው?" አለችኝ። የቱን ነው ሳይሆን መቼ ነው። ተኝቼ ስነሳ፣ ሲበላኝ፣ ትዝ ሲለኝ አልኳት። "እሱ ነዋ ችግሩ" አለች።

ለምን እንደሆነ በአጭሩ ልንገራችሁ ምክንያቱ ካልገባችሁ በሦስተኛው ቀን ትተዉታላችሁ። እንጀራ መሶቡ ሳይከደን ቢያድር ጠዋት ጠርዙ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ አይደል? ቆዳም እንደዛ ነው። የላይኛው ሽፋን ከወረቀት የሳሳ ነው፣ ውስጡ ውሃ አለ፣ ውሃው እንዳያመልጥ ደግሞ በሴሎቹ መሀል የተሞላ የራሱ ቅባት አለው፣ ሴራሚድ የሚባለው ከነሱ አንዱ ነው። ብርድ አየር ብዙ ውሃ መያዝ አይችልም። ውጪ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሆነ አየር ቤት ገብቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ሌላ እርጥበት ካልተጨመረበት ከ15 ፐርሰንት በታች እርጥበት ነው የሚኖረው። ይሄ የተጠማ አየር የሚጠጣው ካገኘው ነው፣ ከከንፈራችሁ፣ ከአፍንጫችሁ፣ ከእግራችሁ። እና አሁን ዋናው ነገር፣ የደረቀ እንጀራ ላይ ክዳን ብትከድኑበት ለስላሳ አይሆንም፣ መጀመሪያ ውሃ ረጨት ታደርጉበታላችሁ ከዛ ነው የምትሸፍኑት። ደረቅ ቆዳ ላይ ቫዝሊን መለደፍም ልክ እንደዛ ክዳኑን ብቻ መክደን ነው። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዛ ውሃ የሚይዝ ነገር፣ ከዛ ክዳን። ከዚ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚችን ቅደም ተከተል ዝርዝር ነው።

1. ሻወሩን አስተካክሉ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጣላኛል፣ እኔም ራሴ ተጣልቼ ነበር፣ ምክንያቱም አሥራ ሁለት ሰዓት ቆማችሁ ሠርታችሁ በበረዶ መኪና ነድታችሁ ቤት ስትገቡ የሚያምራችሁ የሚያቃጥል ውሃ ስር ግማሽ ሰዓት መቆም ነው። ግን የፈላ ውሃ ያንን ቅባት ያጥበዋል፣ ቅባት የያዘ ድስት በምን እንደሚታጠብ አስቡት፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና አይደል። ስለዚ ለብ ያለ ውሃ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። መስታወቱ ሙሉ በሙሉ በእንፋሎት ከተሸፈነ ውሃው በዝቷል ወይ ሞቋል ማለት ነው፣ እኔ በዚ ነው የማውቀው። በቀን አንዴ ይበቃል።

ሳሙናን በተመለከተ፣ መላ ሰውነትን በየቀኑ በሳሙና ማሸት ግዴታ አይደለም። ብብት፣ ብሽሽት፣ እግር፣ የቆሸሸ ቦታ በቃ። ክንድና ቅልጥም ውሃ ይበቃቸዋል፣ ምን ነክቷቸው ነው። መደበኛ ደረቅ ሳሙና ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 9 ወይም 10 አካባቢ ነው፣ የቆዳ ግን 5 አካባቢ፣ ለዛ ነው ታጥባችሁ ስትወጡ ቆዳችሁ ጭርር ብሎ የሚወጠረው። ያ መወጠር ንጽህና እየመሰለን ነው ያደግነው፣ "ጥርት አልኩ" እንላለን፣ ቅባቱ ነው የሄደው። ሽታ የሌለው፣ ለደረቅ ቆዳ የተባለ ለስላሳ ማጠቢያ ፈልጉ። የልብስ ሳሙና ለሰውነት የምትጠቀሙ (አገር ቤት አሁንም ብዙ ሰው አለ) እባካችሁ ቢያንስ በነዚ ወራት ተዉት።

መፈግፈጊያውንም ቀንሱ። ያ የፕላስቲክ መረብ፣ ሉፋ፣ ድንጋይ፣ የሚላጠውን ሲያዩ የበለጠ መፈግፈግ ያምራል ግን የላጣችሁት ነገር ገና ለመከላከያ የሚያስፈልጋችሁ ቆዳ ነው። በእጅ ይበቃል።

2. ሦስት ደቂቃ

ከሻወር ስትወጡ በፎጣ ጫን ጫን አድርጉ እንጂ አትፈግፍጉ። ጠብታው ይሂድ፣ ቆዳው ግን እርጥብርጥብ እንዳለ ይቅር። ከዛ በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ እዛው ሻወር ቤት በሩ ሳይከፈት፣ ቅባታችሁን ተቀቡ። ስልክ አታንሱ። ልብስ ፍለጋ አትሂዱ። ቅባቱ ሻወር ቤት ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ አልጋ አጠገብ ከሆነ እዛ እስክትደርሱ ደርቃችኋል፣ የኔ ሰባት ብልቃጦች ጥፋታቸው መኝታ ቤት መቀመጣቸው ነበር።

አቀባቡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ክሬሙን (የቱ እንደሆነ አሁን እመጣለሁ) ሰውነታችሁን በሙሉ፣ እንደ ፀጉሩ አበቃቀል ወደ ታች ወደ ታች፣ ወደ ላይ ስታሹት የፀጉር ቀዳዳዎቹን ይደፍንና ቡግር የመሰለ ነገር ያወጣል። ከዛ በጣም የሚደርቅባችሁ ቦታ ላይ ብቻ፣ ቅልጥም፣ ክርን፣ ጉልበት፣ ተረከዝ፣ ከላይ ስስ ቫዝሊን። መዳፋችሁ መሀል አሙቁትና ዘርጉት፣ ብዙ አያስፈልግም። ተቀብታችሁ አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ ልበሱ አለበለዚያ ሱሪው ነው የሚጠጣው።

ሻወር በማትወስዱበት ቀንስ? ፎጣ አርሳችሁ ቅልጥማችሁንና ክንዳችሁን አርጥቡና ተቀቡ፣ አለቀ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ይሄን ብታደርጉ ጠዋት ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ቫዝሊንና መሰል ቅባቶች ልብስና አንሶላ ላይ ሲጠራቀሙ ያ ጨርቅ እሳት በቀላሉ ይይዛል፣ ታጥቦም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ተቀብታችሁ ከሰል አጠገብ የምትቀመጡ፣ ቡና የምታፈሉ፣ ሻማ የምታበሩ፣ ሲጋራ የምታጨሱ ነጠላችሁንና የጋቢያችሁን ጫፍ ሰብስቡ።

3. ምን ልግዛ ለምትሉ

ስሙን ተዉት ጀርባውን አንብቡት። ሦስት ዓይነት ነገር ነው የምትፈልጉት። አንደኛው ውሃ የሚይዝ፣ ግሊሰሪን፣ ዩሪያ፣ ሃያሉሮኒክ አሲድ። ሁለተኛው የቆዳውን ቅባት የሚተካ፣ ሴራሚድ የሚል ካለ ጥሩ። ሦስተኛው ክዳኑ፣ ፔትሮላተም (ቫዝሊን ማለት ነው) ወይም ዳይሜቲኮን። ሦስቱም ያሉበት ክሬም ካገኛችሁ ሌላ አትፈልጉ፣ ካላገኛችሁ ግሊሰሪን ያለው ርካሽ ክሬምና አንድ ብልቃጥ ቫዝሊን ይበቃችኋል። ቫዝሊን ከ1872 ጀምሮ ፓተንት ወጥቶለት ሲሸጥ የኖረ ነገር ነው፣ እስከዛሬ ውሃ እንዳያመልጥ በመክደን የሚበልጠው የለም ቢባል ማጋነን አይደለም፣ ዋጋው ግን ከሁሉም ይረክሳል፣ ምናልባት ለዛ ይሆናል የምንንቀው።

በፓምፕ የሚወጣው ቀጭን ሎሽን አብዛኛው ውሃ ነው፣ ለሰመር ጥሩ ነው፣ ለዊንተር ግን ከብልቃጥ በጣት ተዝቆ የሚወጣውን ወፍራም ክሬም ውሰዱ። ብልቃጡ ሲገለበጥ የሚፈስ ከሆነ ለዊንተር አይሆንም፣ ይሄ የኔ መመዘኛ ነው ሳይንስ አትበሉት።

ሽታ ያለውን ተዉ። ይሄን ለሐበሻ መናገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ያልሸተተ ቅባት የተቀባን አይመስለንም። ግን የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ሽቶ መጨመር ቁስል መቆስቆስ ነው። እና ደግሞ ተጠንቀቁ "አንሰንትድ" የሚለውና "ፍራግራንስ ፍሪ" የሚለው አንድ አይደሉም፣ አንሰንትድ የሚለው አንዳንዴ ሽታውን የሚያጠፋ ሌላ ሽታ ተጨምሮበታል። ፍራግራንስ ፍሪ የሚለውን ውሰዱ።

ንጹህ ግሊሰሪን ከፋርማሲ ገዝታችሁ የምትቀቡ፣ ጎበዝ፣ ግን ብቻውን ወፍራሙን ደረቅ ቆዳ ላይ አትለድፉት፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን ውሃ የሚስበው ከራሳችሁ ቆዳ ነው። በውሃ አቅጥኑት፣ እርጥብ ቆዳ ላይ ተቀቡት፣ ከላዩ ክደኑት።

4. ቤቱንም ትንሽ አርጥቡት

ሂተሩን ቀንሱ፣ በተለይ ማታ። እኛ ብርድ ፈርተን ቤቱን ዳቦ መጋገሪያ እናደርገዋለን። ቴርሞስታቱን ዝቅ አድርጎ ጋቢ መልበስ ለቆዳም ለቢልም ይሻላል። ጋቢ ደግሞ ጥጥ ነው አይቆጠቁጥም፣ ሱፍ ሹራብ ግን በቀጥታ ቆዳ ላይ ከለበሳችሁት ይበላችኋል፣ ከስር ጥጥ ልበሱ። የልብስ ሳሙናም ሽታ የሌለው፣ ድራየር ውስጥ የሚጣለውን ሽታ ያለው ወረቀትም ብትተዉት ይመረጣል።

እርጥበት የሚተፋውን ማሽን፣ ሂዩሚዲፋየሩን፣ መኝታ ቤት ብቻ ብታስቀምጡ ይበቃል። የቤቱን እርጥበት የምትለካ ትንሽዬ መሣሪያ አለች ርካሽ ናት፣ ከ30 እስከ 50 ፐርሰንት መሀል አድርጉት። ውጪ በጣም ሲበርድ 30 አካባቢ ይብቃችሁ፣ መስኮቱ ውሃ ማልቀስ ከጀመረ በዝቷል፣ ግድግዳው ሻጋታ ያወጣል። ማሽኑን በየቀኑ ውሃውን ደፍታችሁ ቀይሩ፣ በየሳምንቱ ደግሞ በደንብ እጠቡት፣ ያልታጠበ ማሽን የሚተፋው እርጥበት ሳይሆን ሻጋታና ባክቴሪያ ነው። የቧንቧ ውሃ ስታደርጉበት ነጭ ዱቄት ቤቱን ካለበሰው ዲስቲልድ የሚባለውን (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ግዙ። ማሽን ለመግዛት የማትችሉ ልብስ አጥባችሁ መኝታ ቤት አስጡ፣ አሮጌ ዘዴ ነው ግን ይሠራል። ከሰል ላይ ውሃ ጥዶ በሩን ዘግቶ መተኛት ግን በፍጹም፣ የከሰል ጭስ ይገድላል።

ውሃ ብዙ ጠጡ የሚለውን ምክር ሁሉም ይላል። ጠጡ፣ ለጤና ነው፣ ግን አራት ሊትር ጠጥታችሁ ቅልጥማችሁ አይወዛም፣ ችግሩ የውስጥ ውሃ ማነስ ሳይሆን የላዩ ማምለጥ ነው። የነቢያት ጾም ደግሞ ከህዳር 15 እስከ ገና ድረስ ልክ ብርዱ ላይ ስለሚውል "ጾሙ ነው ያደረቀኝ" የሚሉ አሉ። ጾሙ አይደለም፣ ወሩ ነው። ተልባችሁን ጠጡ ለሆድ ጥሩ ነው፣ ቆዳ ላይ ተአምር ግን አትጠብቁ።

5. እጅ፣ የኔ ጉዳይ

የጤና ሠራተኛ፣ ምግብ ቤት የምትሠሩ፣ ቤት የምታጸዱ፣ ሕፃን ያላችሁ፣ ይሄ ለናንተ ነው። እጅ አለመታጠብ አይቻልም፣ ስለዚ ጉዳቱን መቀነስ ነው። ውሃው ለብ ይበል። ቀለበት አውልቁ፣ ስሩ ሳሙና ተደብቆ ያቃጥላል። ስትጨርሱ በጣቶቻችሁ መሀል ሳይቀር አድርቁ፣ እርጥብ እጅ ጓንት ውስጥ መክተት በራሱ ቆዳ ያበሰብሳል። እጃችሁ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ከሌለውና የሥራ ቦታው ደንብ ከፈቀደ ደግሞ ከሳሙናና ውሃ ይልቅ ግሊሰሪን ያለው ሳኒታይዘር ተጠቀሙ፣ ቆዳን ይጎዳል ብላችሁ አትፍሩ፣ እንደውም ከተደጋጋሚ ሳሙና ይሻላል። የሚያቃጥላችሁ ቀድሞ ስለተሰነጠቃችሁ ነው።

እኔ ኪሴ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቱቦ ክሬም አለች፣ እረፍት ላይ፣ ምሳ ላይ፣ መኪና ውስጥ ትወጣለች። ሥራ ላይ ቫዝሊን አልጠቀምም ያንሸራትታል፣ ላቴክስ ጓንትም ያበላሻል። ቤት ስገባ ግን እጄን ለብ ባለ ውሃ አምስት ደቂቃ ነክሬ፣ ጫን ጫን አድርጌ፣ ክሬም፣ ከላዩ ወፍራም ቫዝሊን፣ ከዛ የጥጥ ጓንት አድርጌ እተኛለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ አሁን የሱም ጓንት አለ። በሳምንት ውስጥ የጣቶቼ ስንጥቅ ገጠመ፣ ያ ሁሉ የቫኒላ ሎሽን ያላመጣውን።

ስንጥቁ ጠልቆ የሚያም ከሆነ ፋርማሲ ያለውን ፈሳሽ ፕላስተር መቀባት ሕመሙን ያስታግሳል፣ ጠርዞቹን ይይዛቸዋል። ሳህን ስታጥቡ የጎማ ጓንት፣ ከስሩ ስስ የጥጥ ጓንት። ሽንኩርትና በርበሬ በተሰነጠቀ እጅ መንካትማ ምን እንደሚያደርግ አልነግራችሁም።

6. ተረከዝ

የተረከዝ ንቃቃት ከሌላው ቦታ የሚለየው ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ተራ ክሬም አለመግባቱ ነው። እዚህ ላይ ዩሪያ ነው ሥራ የሚሠራው። ለሌላው ሰውነት 5 ወይም 10 ፐርሰንት ይበቃል፣ ለተረከዝ ከ20 እስከ 40 ፐርሰንት ያለውን ፈልጉ። ማታ እግራችሁን ለብ ባለ ውሃ አሥር ደቂቃ ንከሩ፣ በእግር ድንጋይ ቀስስ ብላችሁ አንድ አቅጣጫ ብቻ ፈግፍጉ፣ ደም እስኪመጣ አይደለም፣ አድርቁ፣ ዩሪያውን፣ ከዛ ቫዝሊን፣ ከዛ ካልሲ። ክፍት ቁስል ያለበት ስንጥቅ ላይ ዩሪያ ያቃጥላል፣ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን በቫዝሊን ብቻ ይግጠም። ምላጭ የምታወጡ ሰዎች፣ አያችኋለሁ፣ ተዉ። ከኋላ ክፍት የሆነ ነጠላ ጫማ ለብሶ መዋል ተረከዝን ይተረትራል፣ ቤት ውስጥም ካልሲ አድርጉ።

ስኳር ያለባችሁ ይሄን ክፍል ዝለሉት። መንከርም መፈግፈግም ዩሪያም በራሳችሁ አትሞክሩ፣ የእግር ስንጥቅ ለስኳር ታማሚ ትንሽ ነገር አይደለም፣ በቀጥታ ለሐኪማችሁ አሳዩ።

7. ፊትና ከንፈር

ከንፈር መላስ ይቁም። ምራቅ ሲደርቅ የነበረውንም ይዞ ነው የሚሄደው። የተላጠውን በጥርስ መንቀልም እንዲሁ። ቀዝቀዝ የሚያደርገው፣ ሚንትና ካምፈር ያለበት ሊፕስቲክ መሰል ነገር ደስ ይላል ግን ያባብሳል፣ ቫዝሊን በየሁለት ሦስት ሰዓቱ በቃ። አፍንጫው ውስጡ እየደረቀ ነስር የሚያስቸግራችሁ የጨው ውሃ የሆነውን የአፍንጫ ስፕሬይ ተጠቀሙ።

ፀሐይን አትርሱ። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌቱ ጉልበት በ10 ፐርሰንት አካባቢ ይጨምራል፣ በረዶ ደግሞ የወረደበትን እስከ 80 ፐርሰንት መልሶ ፊታችሁ ላይ ያበራዋል። እኛ ጠይም ነን አያቃጥለንም እንላለን፣ ግን በድርቀትና በማከክ የመጣ ጥቁር ምልክት ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ለመልቀቅ ወራት ይፈጃል። ጠዋት ከክሬሙ በኋላ ኤስፒኤፉ (SPF፣ የመከላከል አቅሙ) 30 ወይም ከዛ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ተቀቡ።

8. ስለ ቅቤ፣ ሎሚና ወይራ ዘይት

እናቴ ባለፈው ዊንተር ልትጠይቀኝ መጥታ በሁለተኛው ሳምንት እግሯን እያከከች ሌሊት አልተኛ አለች። "ውሃችሁ ነው" አለች፣ ከዛ "ምነው ለጋ ቅቤ ብታገኚልኝ"። ቅቤ ቅባት ነው፣ ይከድናል፣ ውሸት አይደለም፣ ያልተነጠረ ጨው የሌለው ለጋ ቅቤ ጤነኛ ቆዳ ላይ ብዙ አይጎዳም። ግን ይሸታል፣ አንሶላ ያበላሻል፣ የተሰነጠቀና የቆሰለ ቦታ ላይ ያልፈላ ወተት ቅቤ ማድረግ ደግሞ ጀርም መጋበዝ ነው። ቫዝሊን የቅቤን ሥራ ያለ ሽታው ይሠራል። እናቴን እንዲህ ብዬ አላሳመንኳትም፣ አንድ እግሯን በቫዝሊን አንዱን በቅቤ አድርጋ እንድትሞክር ነው ያደረግኩት፣ በአራተኛው ቀን ቅቤው ወደ ፍሪጅ ተመለሰ። እድሜ የገፋ ሰው ቆዳው ራሱ የሚያመነጨው ቅባት ይቀንሳል፣ ስለዚ እናቶችና አባቶች በየቀኑ ሙሉ ሻወር ባይወስዱም ይቻላል፣ ቅባቱ ግን ጠዋትና ማታ።

ሎሚ ግን በጭራሽ። ክርን በሎሚ መፈግፈግ፣ ፊት ላይ ሎሚ፣ ሎሚ በግሊሰሪን... አሲድ ነው፣ ይቆጠቁጣል፣ ተቀብታችሁ ፀሐይ ላይ ከወጣችሁ ደግሞ ያቃጥላችሁና ጥቁር ነጠብጣብ ጥሎባችሁ ይሄዳል። የወይራ ዘይትም ስሙ ጥሩ ነው እንጂ የቆዳን መከላከያ እንደሚያሳሳ በጥናት ታይቷል፣ በተለይ ለሕፃን አትቀቡ። ለሕፃናት ሽታ የሌለው ክሬም ወይ ቫዝሊን፣ አጭር እጥበት፣ ዩሪያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሆንም።

በጣም የምለምናችሁ ግን ሱቅ ላይ "ቆዳ ያጠራል" እየተባለ የሚሸጠውን ቱቦ እንድትተዉት ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚባል ኃይለኛ ስቴሮይድ አለ። በሁለት ቀን ማሳከኩን ያጠፋዋል፣ ያለ ሐኪም ወራት ሲቀባ ግን ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ደም ስር ያስወጣል፣ ስታቆሙ ደግሞ ብሶ ይመለሳል። እዚህ አሜሪካ ያለ ትእዛዝ የሚሸጠው 1 ፐርሰንት ሃይድሮኮርቲዞን ደካማው ነው፣ እሱም ቢሆን ከሳምንት በላይ በራሳችሁ አትቀጥሉበት።

9. ድርቀት ያልሆነውን ለዩ

ቅባት እየተቀባችሁ የማይለቅ ነገር ሁሉ ድርቀት አይደለም። ክብ ሆኖ ጠርዙ ከፍ ያለ መሀሉ የጠራ ከሆነ ጭርት ሊሆን ይችላል፣ ፈንገስ ነው፣ ስቴሮይድ ከቀባችሁት ይስፋፋል። ሌሊት ሌሊት የሚብስ፣ በጣት መሀልና ወገብ አካባቢ የሚበላ፣ ቤት ውስጥ ሌላም ሰው የሚያክ ከሆነ እከክን ጠርጥሩ፣ እሱ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚታከመው። በክርንና በጉልበት መታጠፊያ ውስጥ እየመጣ የሚሄድ፣ ከልጅነት ጀምሮ የነበረ፣ አስም ወይም የአፍንጫ አለርጂ (ብዙዎቻችን ሳይነስ የምንለው) ያለበት ቤተሰብ ውስጥ ከሆነ ችፌ ሊሆን ይችላል። መጽሐፍ ላይ ያለው ፎቶ አብዛኛው ቀይ ነው፣ በኛ ቆዳ ላይ ግን ችፌ ቀይ አይመስልም፣ ጥቁር ቡናማ፣ ሐምራዊ ወይም አመድማ ነው፣ ለዚህ ነው አንዳንዴ ሐኪሙም የሚያሳንሰው። መላ ሰውነት በድንገት ከደረቀ፣ ድካምና ክብደት መጨመር ካለው የእንቅርት እጢ ምርመራ ይጠየቅ፣ ኩላሊትም ሊሆን ይችላል።

ለቅባቱ ሁለት ሳምንት ስጡት፣ በየቀኑ ሳታቋርጡ። ካልተለወጠ፣ እንቅልፍ ከነሳችሁ፣ መግል ወይም ቢጫ ቅርፊት ካወጣ፣ ቦታው ከሞቀና ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ ሁለት ሳምንቱን አትጠብቁ ሐኪም ጋር ሂዱ። አዲስ አበባ ያላችሁ አለርት ሆስፒታል ለቆዳ የታወቀ ነው። ስትሄዱ የተቀባችሁትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ ከሱቅ የተገዛውን ስሙ የማይነበበውን ቱቦም፣ ጎረቤት የሰጠቻችሁንም፣ ከአገር ቤት የተላከውንም። አታፍሩ፣ ሐኪሙ ሽፍታውን ከማየቱ በፊት ፌስታሉን ነው የሚያየው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀን ደግሞ ስቴሮይድ ካልታዘዘላችሁ ምንም ሳትቀቡ ብትሄዱ ይመረጣል፣ የተለወሰ ነገር ላይ በሽታው በደንብ አይታይም።